እሁድ ዕለት ዋሻ ነበርኩ

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ። 29 ዓመቴ ነው። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ለጋ ኦዳ ዋሻ ሄጄ የድንጋይ ላይ ሥዕሎቹን ካየሁ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። የእረፍት ቀኔ እሁድ ናት። ወይ ዋሻ፣ ወይ ሐረር ሙዚየም፣ ወይ ከከተማ ወጣ ብዬ ወፍ ሳይ እውላለሁ። ስለ ጥንት ሰው፣ ስለ አጽም፣ ስለ ድሮ እንስሳት ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

አሁን ግን ሆዴን እየበላኝ ነው። አገሪቱ ያለችበትን ያውቁታል። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር መርዶ ነው። ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ የጅግጅጋን መስመር ይሠራል። መንገድ ሲዘጋ ሜዳ ላይ ያድራል። አንድ ቀን ለጋ ኦዳ ያነሳሁትን የላም ሥዕል ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ለካ የዚያን ዕለት ክፉ ወሬ ተሰምቶ ኖሯል። ሰው ወረደብኝ። ወንድሜም ቤት መጥቶ ‹ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንቺ ዋሻ ለዋሻ ትዞሪያለሽ? ምን ጎደለብሽ አንቺ!› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አናወራም።

ሌላም አለ። በቀደም የጎረቤታችን ልጅ፣ ለሥራ በሄደበት አገር መሞቱ ተሰማ። ቅዳሜ ማታ ነው የሰማሁት። ለእሁድ መኪና ተኮናትረን ስለነበር ሄድኩ። ስመለስ መሽቷል። ሰኞ ሥራ ገባሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ለቅሶውን ሳልደርስ ቀረሁ።

እትዬ፣ ይሄን ነገር ልተወው? ሰላም እስኪሆን ድረስ መጽሐፉንም ካሜራውንም ልቆልፍበት? ወይስ የታመምኩት እኔ ነኝ?

ዋሻ ለዋሻ፣ ከሳቢያን»

ዋሻ ለዋሻ፣

የወንድምሽን ቁጣ የብዕር ስም ማድረግሽ አሳቀኝ። የድሬ ልጅ ስድቡንም ይለብሰዋል አቦ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ነገሩ ስለ ዋሻ መሰለኝ። በሁለተኛው «ሌላም አለ» ብለሽ ከታች ያስገባሻት ነገር ላይ ዓይኔ ቀረ። እሷን ኋላ እናነሳታለን፣ አልረሳኋትም። አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

አትተዪው። ካሜራውንም አትቆልፊው።

«ሰላም እስኪሆን» ያልሻት ናት የከበደችኝ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አገር አማን የዋለበትን ዘመን ቁጠሪ ብትዪኝ የአንድ እጄ ጣት ይበቃኛል። የምወደውን ነገር ያኔ ቆልፌበት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ቁልፉን እንደያዝኩ ነበርኩ።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ነሐሴ 1969 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መድፉ ሲጮህ አባቴ አራታችንንም ሰብስቦ ኮሪደሩ ውስጥ አስቀመጠን፣ መስኮት የሌለበት እሱ ብቻ ስለነበር። መብራት የለም። ታናሽ ወንድሜ ያለቅሳል፣ እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። አባቴ ከኪሱ ድንጋይ አወጣና መዳፌ ላይ አኖረው። «በጣትሽ ዳብሺው» አለኝ። ዳበስኩት። መሐሉ ጎበጥ ያለ፣ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ መስመር መስመር ነገር አለው። ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው።

«ዛጎል ነው» አለ አባቴ። «ተራራው ላይ ነው ያገኘሁት። ይሄ ሁሉ ባሕር ነበር።»

ታናሽ ወንድሜ ለቅሶውን አቋረጠና «ዓሣውስ የት ሄደ?» አለ።

ያን ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ከአዋቂዎች የሰማሁት ኋላ ነው። እኛ ግን ስለ ዓሣው ስንጨቃጨቅ አነጋን። ትልቅ ነበር፣ የለም ትንሽ ነበር፣ ወደ ጅቡቲ ነው የሸሸው። አባቴ ሲነጋ ወጥቶ ለቁስለኞች ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። ድንጋዩ እጄ ላይ ቀረ። አሁንም ይህንን ስጽፍልሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭንበታለሁ።

አባቴ ዘመኑን አያውቀውም ነበር። እኔ ኋላ ነው ያነበብኩት። ድሬን የከበበው የኖራ ድንጋይ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን ባሕር ሥር የተጋገረ ነው፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ዋሻዎችሽ የተቦረቦሩት በሱ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ፈጭቶ ሲሚንቶ የሚያደርገውም ያንኑ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ግድግዳሽን ስትደገፊ ትንሽ ባሕር ደግፈሻል። (ይቺን ለወንድምሽ አትንገሪው፣ ይባስ ይናደዳል።)

አሁን ወደ ሌላ ቀን ልውሰድሽ። ስለ ድንቅነሽ ማንበብሽን አልጠራጠርም። ሐዳር፣ አፋር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ። የተገኘችበትን ቀን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰሽው ታውቂያለሽ? በፈረንጅ ኖቬምበር 24፣ 1974 ነው። በእኛ ኅዳር 15፣ 1967። ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ይህን ቀን ጥሪለትና ፊቱን እዪ። ኅዳር 14 ምሽት ደርግ የንጉሡን ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች፣ ከነሱም ጋር የራሱን የመጀመሪያ ሊቀመንበር ጨምሮ በጠቅላላው 60 ያህል ሰው ያለ ፍርድ የገደለበት ነው። ያ ምሽት ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሁድ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ ወደ መኪናው ሲመለስ ከአንዲት ጉድባ ውስጥ የክርን አጥንት ስባሪ አየ።

ቅዳሜ ማታ ያ፣ እሁድ ይሄ። በአንድ አገር ላይ።

እኔ ይህንን ሁለት ቀን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። «አጥንቷ ኅዳር 15 ባትነሳ ይሻል ነበር» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። «ድንቅነሽ ስለተገኘች ኅዳር 14ን እንርሳው» የሚልም አልገጠመኝም። ሁለቱም አሉ። የስልሳዎቹ ቤተሰብ ሐዘኑን ይዞ ኖረ፣ እሷም ሙዚየም ገባች፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት መኪና ተጭነው እየሄዱ ያዩዋታል። ምናልባት ከስልሳዎቹ የአንዱ የልጅ ልጅም አይቷት ይሆናል።

የራሳችን ዋሻ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ፖርክ ኤፒክን ሄደሽ አይተሻል ብዬ ልገምት፣ ከተማው ጥግ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1929 እንደ ፈረንጅ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አገኙት። በ1933 አቤ ብሩይ የሚባለው የዋሻ ሥዕል ሊቅ መጥቶ የግድግዳውን ሥዕል ወረቀት ላይ ገለበጠ፣ በዚህ አካባቢ ያሉ ሌሎች ሥዕሎችንም አየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጣልያን ወረረን። እንደገና ዋሻው የተቆፈረው በ1974 ነው፣ ከዚያ በ1975 እና 76። አብዮቱ ፈንድቶ፣ ንጉሡ ወርደው፣ ሰው ማታ ማታ በሩን ሲቀረቅር። በዚያ ጊዜ ነው እዚያ ኮረብታ ላይ ሰዎች ተንበርክከው አፈር ሲነፉ የነበሩት።

ከዚያ አፈር የወጣውን ስሚ፣ በተለይ አንቺ መድኃኒት የምትቆጥሪ ሰው ስለሆንሽ። 4,213 ቁራሽ ቀይ ድንጋይ። ቀለም የሚወጣው ዓይነት። ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ። መፍጫ ድንጋዮቹም ቀለሙ እንዳለባቸው አብረው ተገኙ። ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ሰው እየተተካ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፦ ድንጋዩን መምረጥ፣ መፈቅፈቅ፣ ማላም። አንዷ ላም ያለች ዱቄት ትፈልጋለች፣ ሌላው ሸካራ። አንድ ክብ ጠጠር ደግሞ አለ፣ ግማሽ ጎኑ ብቻ ቀይ ውስጥ የተነከረ። ያጠኑት ሰዎች እንደ ማኅተም ቆዳ ወይም ሌላ ነገር ላይ ሳይታተምበት አልቀረም ይላሉ። ያ ሁሉ ተሰብስቦ አዲስ አበባ በሣጥን ተቀመጠ። ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ። በደንብ ተቆጥሮና ተመዝኖ የታተመው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ያቺን ጠጠር እኔ በፎቶ ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲህ የፋርማሲ ማኅተም ሲያርፍ ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አላብራራልሽም፣ አንቺ ይገባሻል።

ብሩይን ጠቅሼው ልለፈው እንዴ? አንዲት ነገር ልጨምር። በ1940 ሴፕቴምበር ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ሳለች አራት ልጆች ጫካ ውስጥ ላስኮ የሚባለውን ዋሻ አገኙ። ግድግዳውን በሬና ፈረስ ሞልቶታል። ቀድሞ ከደረሱት አዋቂዎች አንዱ ማን ሆነ? ያው ከሰባት ዓመት በፊት ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ሥዕል ሲገለብጥ የነበረው ብሩይ። ሽማግሌ ሆኗል፣ አገሩ ተይዛበታለች፣ ግን ወረደ።

ሩቅ ሄድን። ወደ ሐረር፣ ወደ ጀጎል እንመለስ። ጀጎል ግንብ በሰላም ጊዜ የተሠራ መሰለሽ? የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር ያጠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ጦርነቱም ረሃቡም አንድ ላይ በመጣበት። ዛሬ 82 መስጊድ በውስጡ አለው ብለን የምንኮራበት፣ በ2006 እንደ ፈረንጅ ዩኔስኮ የመዘገበው፣ የዚያ የጭንቅ ዘመን ሥራ ነው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለታል። ሐረሪዎች በዓሹራ ለጅብ ገንፎ በቅቤ ሲያቀርቡ «በረሃብ ጊዜ ሰው እንዳይበላ ብለን የጀመርነው ነው» ይላሉ። ለራሱ የሚበላው የሌለው ሰው ለጅብ ገንፎ አገነፋ። እውነት ይሁን ተረት፣ ሰው ስለ ራሱ ይህን ማውራት መፈለጉ ይበቃኛል።

እንግዲህ ስለ ዋሻው ይሄን ያህል። በደለኛ አይደለሽም። እንዲያውም ልንገርሽ፣ ስልክ ላይ ተተክለው ሌሊቱን በወሬ ከሚያነጉት ይልቅ አንቺ ለሰው የምትተርፊ ትመስዪኛለሽ። ወሬ ማየት ሐዘን አይደለም። እኔም ደርሶብኛል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የማላውቀውን ሰው ቀብር በስልክ ሳይ ራሴን ይዤዋለሁ። ለማን ጠቀመ? ጠዋት ከልጆቼ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ።

አሁን «ሌላም አለ» ወዳልሽው።

የበላሽ የላሟ ሥዕል አይደለችም የኔ ልጅ። ይቺ ናት። ጎረቤት ነው። ግድግዳ የምትጋሩት ሰው ልጁን ቀብሯል፣ ወይም ሬሳውንም አላገኘም። ቅዳሜ ማታ ሰምተሻል። እሁድ ሄድሽ። ሐዳር ላይ የነበሩት ፈረንጆች የሟቾቹ ጎረቤት አልነበሩም፤ አንቺ ነሽ። ያንን እሁድ ማስተላለፍ ነበረብሽ። ለጋ ኦዳ ያሉት ከብቶች ሺህ ዓመታት ቆመው ጠብቀዋል፣ አንድ ሳምንት ቢጨመርባቸው አይቀየሙም።

ይህንን የምልሽ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም የአንዲት የልጅነት ጓደኛዬን እናት ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ምክንያቴ ያንቺን ያህል እንኳን አያምርም። አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። አሁንም መጋላ ስሄድ በሱቋ በኩል አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። አንቺ ዞረሽ እንድትሄጂ አልፈልግም፣ ደግሞ ጎረቤት ስለሆኑ መዞሪያ የለሽም።

ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ሂጂ። ነገ አትበዪ። ቡናና ስኳር ያዢ፣ ብዙ አታብዢው። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ወይም ሻሽሽን አስተካክለሽ፣ እንደ ቤቱ ሥርዓት። «አልሰማሁም ነበር» እንዳትዪ፣ ሰምተሻል፣ እነሱም መስማትሽን ያውቃሉ፣ ሰፈር ነው። «ዘገየሁ፣ ይቅር በሉኝ» በዪና ተቀመጪ። ስለ ዋሻው አታንሺ። ቢቆጡሽ ዝም ብለሽ ተቀበዪ። አብዛኛውን ጊዜ አይቆጡም፣ «አረፍ በዪ፣ ቡና ቅመሺ» ነው የሚሉሽ፣ ያኔ ነው ደግሞ የሚከፋው።

አንድ ነገር ደግሞ አለሽ፣ ሌላው ለቅሶ ደራሽ የሌለው። እናትየው ግፊት ወይም ስኳር ካለባቸው ሐዘን ሰሞን መድኃኒታቸውን የሚያስታውሳቸው የለም። ሰው ሁሉ ምግብ ያቀርባል፣ ኪኒኑን ማንም አይቆጥርም። ቀስ ብለሽ ልጃቸውን ጠይቂ። ቢያንስ ለአንድ ወር ከሥራ መልስ ብቅ እያልሽ እዪላቸው። የተማርሽው ለዚህም ነው።

ፌስቡኩን በሁለት መስመር ልጨርሰው። ሥዕሉን መለጠፍሽ ነውር አልነበረም፣ ቀኑን አለማየትሽ ነው። ከመለጠፍሽ በፊት አገሩ እንዴት ዋለ ብለሽ እዪ፣ መርዶ ካለ ይደር። ቦታውንም በዝርዝር አትጻፊ። የሥዕሉ ቦታ በታወቀ ቁጥር በከሰል ስሙን የሚጽፍ፣ ፎቶው እንዲጎላለት ግድግዳው ላይ ውሃ የሚረጭ አይጠፋም። ውሃው ቀለሙን ይዞት ይወርዳል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ የሚረጭ ጎረምሳ እስከ ዛሬ አልማርኩትም።

መሄዱንም በጥንቃቄ አድርጊው። ለጋ ኦዳ ከድሬ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን መንገድ ማለት ዛሬ ኪሎ ሜትር አይደለም። ሳትወጪ የባህልና ቱሪዝም ቢሮን ጠይቂ፣ የቦታውን ሽማግሌ ደውለሽ ጠይቂ፣ የሠፈሩን ልጅ አስጎብኚ አድርገሽ ክፈዪው። «ዛሬ ይቅርብሽ» ካሉሽ ይቅርብሽ። እንዲያ ባለ ቀን ከተማ ውስጥ ዋዪ። የጩልሌ ወፎቹን ቀፊራ ገበያ ላይ ሥጋ ሲነጥቁ ቁሚና እዪ፣ ነጻ ነው። ወይም ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ግቢ። የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም አይተሽዋል፣ ግን መጽሐፍ ጠራዦቹን ሲሠሩ ተቀምጠሽ ዓይተሽ ካላወቅሽ ገና ነሽ። እሳቸው በየቤቱ ተደብቆ የነበረውን በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍ ከደርግ ውድቀት ጀምሮ አንድ በአንድ ሰብስበዋል። የተበጣጠሰ ገጽ እንዴት ተመልሶ እንደሚጠረዝ ማየት ከሰዓት በኋላን ያሳልፋል፣ ጫት ሳይቀር ያስረሳል ይሉኛል፣ እኔ ግን አላምናቸውም።

ቀረን ወንድምሽ።

ሰው መንገድ ተዘግቶበት ሦስት ቀን ካቢና ውስጥ ሲያድር፣ ስልኩን ከፍቶ የእህቱን የላም ሥዕል ቢያይ ይናደዳል። እኔም እናደዳለሁ። «ምን ጎደለብሽ» ያለሽ ምን እንደጎደለው ስላልጠየቅሽው ይመስለኛል። አትከራከሪው። 40,000 ዓመት፣ 4,213 ቁራሽ እያልሽ አትቁጠሪበት፣ ለኔ ነው እሱ ደስ የሚለኝ። መጀመሪያ ለቅሶውን እንደደረስሽ ይስማ፣ ከአንቺ ሳይሆን ከሠፈር ይስማ። ከዚያ አንድ ማታ ሲመጣ እራት አቅርቢለትና ስለ መንገዱ ጠይቂው። የት አደርክ፣ ምን በላህ፣ ማን ነበር አብሮህ።

ከዚያ ስለ ዳካታ ድንጋዮች ጠይቂው። ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አንቺ ሄደሽ ምናልባት ሁለቴ ፎቶ አንስተሻል። እሱ በየሳምንቱ ያልፍበታል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ ሥሩ ቀጥኖ ራሱ ከብዶ፣ ነፋስና ዝናብ እየቆረጠመው በዘመን ብዛት እንዲያ የቆመ። ጠዋት ሲያዩትና ማታ ሲያዩት ይለያያል፣ ጥላው ይቀያይረዋል። አንቺ ስሙን ከመጽሐፍ ታውቂዋለሽ፣ ጥላውን ግን በየሰዓቱ የሚያውቀው እሱ ነው። መንገድ ሲዘጋ እዚያው ሥር ያደረባቸው ቀናት ሳይኖሩ አይቀሩም።

አንድ የማውቀው የጭነት ሾፌር ነበር፣ አሁን መንዳት ትቷል። እሱና ረዳቱ ዳካታን ባለፉ ቁጥር ይወራረዱ ነበር፣ የትኛው ድንጋይ ቀድሞ ይወድቃል በሚል። ውርርዱ አንድ ምሳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳ። አንዱም አልወደቀም፣ ምሳውን ማን እንደሚከፍል እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወንድምሽ የራሱ ድንጋይ ይኖረዋል። የትኛው እንደሆነ ጠይቂው። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን፣ አብረሽው ከጎኑ ቁጭ በዪና ያሳይሽ። ውሃ ብዙ ያዙ፣ ባቢሌ ላይ ሙቀቱ አይጣል ነው። ለውዙንም ግዢልኝ።